የተዘጋውን የጨጓራ በር ያለ ቢላ መክፈት፦ የኢንዶስኮፕና የስቴንት ፊዚክስ

በአገራችን «ጨጓራዬን አመመኝ» ሲባል ያልሰማ የለም። በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጣና ተራ አንስቶ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዘነበወርቅ በየቤቱ ቢጠየቅ፣ ተልባ የሚጠጣ፣ በርበሬ የተወ፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት በገዛው እንክብል ሕመሙን እያስታገሠ ዓመታትን ያሳለፈ ሰው አይታጣም። አብዛኛው ሕመም በዚህ መልክ ይታለፋል። ከእነዚህ ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ግን ከጊዜ በኋላ አንድ የተለየ ነገር ይከሠታል፤ ይኸውም ምግብ ወደ ታች መውረዱን ያቆማል።

በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ጥቂት ጎርሶ ይጠግባል። ሆዱ ይነፋል። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ የበላውን እንዳለ ያስመልሰዋል። ማስመለሱ እፎይታ ስለሚሰጠውም ጣቱን ወደ ጉሮሮው እየሰደደ ሆን ብሎ ማስመለስን የሚለምድ አለ። የተዘጋው የጨጓራው መውጫ ራሱ ከሆነ በትውከቱ ውስጥ የሐሞት ቢጫነት አይታይም፤ ሐሞት ወደ አንጀት የሚፈስሰው ከተዘጋው ቦታ በታች ነውና። ሐኪሙ ከምግብ በኋላ ብዙ ሰዓት ቆይቶ የሕመምተኛውን ወገብ ግራና ቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው፣ እስከ ግማሹ ውሃ የያዘ ጀሪካን ሲወዘወዝ የሚሰማውን የመንቦጫረቅ ድምፅ ይሰማል። ጀሪካኑ ጢም ብሎ ቢሞላ ወይም ጨርሶ ባዶ ቢሆን ይህ ድምፅ አይኖርም፤ ለመንቦጫረቅ ፈሳሽና አየር በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው መገኘት አለባቸው። ባዶ ሊሆን በሚገባው ሰዓት የሚንቦጫረቅ ጨጓራ እንግዲህ በሩ እንደተዘጋ ራሱ ይናገራል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ የፊዚክስ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ መድኃኒት ለማዘዝም አንደፍርም። ይሁን እንጂ ይህን የተዘጋ በር ሆድ ሳይቀደድ፣ በአፍ በኩል ብቻ ገብቶ የሚከፍተው ሕክምና የቆመባቸው መሠረቶች ማንኛውም የመሰናዶ ተማሪ የሚያውቃቸው የፊዚክስ ርዕሶች ናቸው፤ የፈሳሽ ፍሰት፣ የብርሃን ነጸብራቅና የጠጣር ቁሶች ተለጣጭነት። ሕክምናው ለማን እንደሚበጅና ለማን እንደማይበጅ የሚወስነው ደግሞ ሌላ መጠን ነው፤ እርሱም ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለማሳየት እንሞክራለን።

በረኛው

ጨጓራ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚገናኝበት የቀለበት ቅርጽ ያለው ጡንቻ ፓይሎረስ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን በረኛ ማለት ነው። ስሙን የሚመጥን ሥራም አለው። ጨጓራው ምግቡን እየደቆሰ ወደ በሩ ሲገፋ፣ በረኛው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን የደቀቀውን ብቻ ቀስ በቀስ ያሳልፋል፤ ያልደቀቀውን ወደ ኋላ መልሶ ዳግም እንዲፈጭ ያደርጋል። ከበሩ ቀጥሎ ያለው የአንጀት ክፍል ዱዎዲነም ይባላል። የሐሞትና የቆሽት ፈሳሾች የሚገቡት በዚሁ ክፍል ነው።

በሩን ከሚዘጉት ምክንያቶች ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው ለዓመታት ሲቆስልና ሲድን የኖረ ቁስለት የሚተወው ጠባሳ ነው። ለዚህ ቁስለት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ያገኙት ሲሆን፣ በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶችን አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ትንተና ከተመረመሩት ሰዎች 52 ከመቶ ያህሉ ባክቴሪያው እንደተገኘባቸው አመልክቷል። ሁለተኛው ምክንያት ካንሰር ነው፤ በጨጓራው የታችኛው ክፍል የሚበቅል ዕጢ በሩን ከውስጥ ይደፍነዋል፣ የቆሽት ዕጢ ደግሞ ከውጭ ተጭኖ ዱዎዲነምን ያጠብበዋል። ከእነዚህ ሌላ በስሕተት ወይም ሆን ተብሎ የተጠጣ የባትሪ አሲድ የሚተወው ጠባሳና የሆድ ዕቃ ሳንባ ነቀርሳም አሉ።

ችግሩ የመራብ ብቻ እንዳይመስለን። ጨጓራ በቀን ከ1.5 እስከ 2.5 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ራሱ ያመነጫል፤ የምንውጠው ምራቅም በዚህ ላይ ይጨመራል። በሩ በተዘጋበት ሰው ሆድ ውስጥ ምንም ባይበላ እንኳ ይህ ሁሉ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ከዚያም በትውከት ይወጣል። የሚወጣው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለሆነ ደሙ ክሎራይድ እያነሰው ወደ አልካላይነት ያዘነብላል፤ ኩላሊትም ሚዛኑን ለመጠበቅ ስትታገል ፖታሲየም ታባክናለች። የፖታሲየም ማነስ ደግሞ የልብን ምት ያዛባል። ስለዚህ ሐኪሞች በሩን ለመክፈት ከመሞከራቸው አስቀድመው በደም ሥር የጨው ፈሳሽና ፖታሲየም ይሰጣሉ፤ የተጠራቀመውንም በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ያወጣሉ። ይህን ዝግጅት ሳያሟሉ ወደ ማደንዘዣ መቸኮል አደገኛ ነው።

የአንድ ሐኪም ቀመር

ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው የኮልፌ ሰፈሮች የሚኖር አንባቢ ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧና ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ ባልዲ ለመሙላት የሚፈጁት ጊዜ ምን ያህል እንደሚለያይ ያውቃል። የስፋቱ ልዩነት ሩብ ኢንች ብቻ ነው፤ የፍሰቱ ልዩነት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ይህን ነገር በጥንቃቄ የለካው ፈረንሳዊው ዣን ፕዋዘይ ነበር። ፕዋዘይ የፊዚክስ ትምህርት ያለው ሐኪም ሲሆን፣ ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚፈስስ ለማወቅ ሲል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች ውስጥ የፈሳሽን ፍሰት መረመረ። ያገኘውም ውጤት እንደሚከተለው ነው፦ ግፊቱ፣ ርዝመቱና የፈሳሹ ውፍረት ካልተለወጡ፣ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ሬዲየሱ ሁለት እጥፍ ቢያድግ ፍሰቱ 16 እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ቢያድግ 81 እጥፍ ይሆናል።

አሁን ይህን ወደ ጨጓራው በር እንውሰደው። በዕጢ ምክንያት 4 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ብቻ የቀረው መተላለፊያ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ ሬዲየሱ አምስት እጥፍ ያድጋል፤ በፕዋዘይ ሕግ መሠረትም ፍሰቱ 625 እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ይሁን እንጂ እንዳለ ልንቀበለው አይገባም። ሕጉ የሚሠራው ፈሳሹ ሳይናወጥ በንብርብር ሲፈስስ፣ ቱቦውም ከስፋቱ አንጻር ረጅም ሲሆን ነው። በቤት ቧንቧ ውስጥ ውሃው ስለሚናወጥ፣ ከግማሽ ወደ ሦስት ሩብ ኢንች መሸጋገር በቀመሩ እንደሚገኘው አምስት እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ያስገኛል። የጨጓራ ይዘት ወፍራምና ዝግተኛ ስለሆነ በዚህ ረገድ ከውሃው ይልቅ ለሕጉ ይቀርባል፤ ነገር ግን የሽሮና የእንጀራ ድብልቅ እንደ ውሃ ያለ ቀላል ፈሳሽ አይደለም፤ ጉርሻዎችም አሉበት። ከሁሉም በላይ የሚገፋው ግፊት ቋሚ አይደለም። ለወራት ከተዘጋ በር ጋር ሲታገል የኖረ ጨጓራ ተለጥጦና ደክሞ ይገኛል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለትም ለቀናት ሳይገፋ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከ625 የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር መክፈት ብዙ ይለውጣል።

በጎባጣ መንገድ የሚሄድ ብርሃን

የሰውን ጨጓራ በሕይወት ሳለ ከውስጥ ለማየት የተሞከረው ቀደም ብሎ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1868 ርዝመቱ 47 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ቱቦ አሠራ፤ ቱቦውን ሊውጥለት የሚችል ሰው ሲፈልግም ያገኘው በትርኢት ላይ ጎራዴ የሚውጥ ባለሙያ ነበር። ቱቦው ገባ፤ ሆኖም የዘመኑ መብራት ወደ ጨጓራው ጥልቀት በቂ ብርሃን ማድረስ አልቻለም። ብርሃን ቀጥ ባለ መስመር ይጓዛል፣ የሰው ምግብ መውረጃ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ጎራዴ ለማይውጠው ለሌላው የሰው ልጅ ሌላ ዘዴ አስፈለገ።

መፍትሔው ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ነበር። ብርሃን ከብርጭቆ ወደ አየር ሊወጣ ሲል በጣም አግድም ሆኖ ድንበሩን ከመታ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ብናጎብጠው ብርሃኑ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተንጸባረቀ አብሮ ይጎብጣል። እንዲህ ያሉ ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች ጫፍና ጫፋቸው በአንድ ዓይነት ሥርዓት ቢደረደሩ፣ እያንዳንዱ አንዲት ነጥብ ይዞ ሙሉውን ምስል ያደርሳል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ዘንጎቹ ግን እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ወይም የጣት ቅባት ሲያርፍባቸው ብርሃኑ በተነካው ቦታ ያመልጣል፤ ምስሉም ይደበዝዛል።

ይህን እንቅፋት ያስወገደው ስመ ጥር ፕሮፌሰር አልነበረም። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሐኪሙ ባዝል ሂርሾዊትዝ ሥራ ውስጥ ይሳተፍ የነበረ ላሪ ከርቲስ የተባለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 መገባደጃ ላይ የብርጭቆውን ዘንግ በሌላ ዓይነት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ሁለቱን በአንድነት እያቀለጠ ሳበው። የውጭኛው ብርጭቆ የስብረት መጠን ከውስጠኛው ያነሰ ስለነበር፣ ነጸብራቁ ጣት ሊነካው በማይችልበት በሁለቱ ብርጭቆዎች ድንበር ላይ ይፈጸም ጀመር። ለምሳሌ የውስጠኛው የስብረት መጠን 1.62፣ የውጭኛው 1.52 ቢሆን፣ የወሳኙ አንግል ሳይን 1.52 ለ1.62 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ አንግሉም 70 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከዚህ አንግል በላይ የመጣ ጨረር ሁሉ ውስጥ ይቀራል። ሂርሾዊትዝ በ1957 መጀመሪያ ላይ በዚህ ዘዴ የተሠራውን ተጣጣፊ መሣሪያ በመጀመሪያ ያስገባው በራሱ ጉሮሮ ነው። የዛሬው የስልክና የኢንተርኔት መስመርም በዚሁ በብርጭቆ በተሸፈነ ብርጭቆ መርህ ይሠራል። ለጽሑፋችን አንባቢዎች ይህን ታሪክ ማስፈራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከርቲስ ያን ጊዜ የእናንተ እኩያ ነበር።

ዛሬ ምስሉን የሚያመጣው የብርጭቆ ጥቅል ሳይሆን በመሣሪያው ጫፍ ላይ የተቀመጠ አነስተኛ የካሜራ ቺፕ ነው፤ የዚህ ቺፕ አባት የሆነውን ሲ.ሲ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ1969 የፈለሰፉት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ2009 የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። ለርዕሳችን ይበልጥ የሚያስፈልገን ግን ኢንዶስኮፑ ከካሜራው ጎን ለጎን ይዞት የሚሄደው ባዶ መተላለፊያ ነው። ለእንዲህ ያለ ሕክምና የሚሆነው ኢንዶስኮፕ የዚህ መተላለፊያ ስፋት 3.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ በ3.7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚገባና ከወጣ በኋላ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነገር ከምን ይሠራል የሚል ይሆናል።

ቅርጹን የማይረሳ ብረት

የሚሠራው ነገር ስቴንት ይባላል። ቃሉ የለንደን የጥርስ ሐኪም ከነበረው ከቻርልስ ስቴንት ስም የመጣ ነው፤ እርሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥርስ ቅርጽ ማውጫ ውሁድ ሠርቶ ነበር፤ ሌሎች ሐኪሞች ውሁዱን ለሌላ ሥራ ሲያውሉት ስሙ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተላለፈ ዛሬ የሽቦ ቱቦ መጠሪያ ሆነ። በአጣና ተራ የሚሸጠው አጣና የሕንፃን ግድግዳ ከውጭ እንደሚደግፍ፣ ስቴንት የአንድን ቱቦ ግድግዳ ከውስጥ ይደግፋል ብንል ሥራውን በትክክል እንገልጻለን። በቅርጹ ግን እንደ ሹራብ እጅጌ የተጠለፈ የሽቦ ቱቦ ነው። የሹራብ እጅጌ በርዝመቱ ሲሳብ ይቀጥናል፤ ሲለቀቅ ይሰፋል፣ ያጥራልም። የተጠለፈ ስቴንትም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ሲከፈት ከርዝመቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካላሰበበት የተከፈተው ስቴንት ከታሰበው ቦታ ሊጎድል ይችላል።

ተራ ብረት ለዚህ ሥራ ይቸገራል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ 2 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባለው ጥምዝ ላይ ቢታጠፍ፣ የውጭኛው ገጹ የሚለጠጠው የሽቦው ግማሽ ውፍረት ለጥምዙ ሬዲየስ ሲካፈል ነው፤ ማለትም 0.1 ለ2፣ ወይም 5 ከመቶ። ስቲል ግን ከግማሽ ከመቶ አካባቢ በላይ ከተለጠጠ የአቶሞቹ ረድፎች እርስ በርስ ይንሸራተቱና ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ማንኛውም ሰው የወረቀት መያዣ ሽቦን አጣጥፎ ይህን ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቶፓዚያንና ባልደረቦቹ በካንሰር የተዘጋ ጨጓራን በስቲል መረብ ስለመክፈት የጻፉት ሪፖርት ከቀደምቶቹ አንዱ ነበር። ሐሳቡ ይበልጥ የተስፋፋው ግን ሌላ ብረት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው።

ይህ ብረት ኒቲኖል ነው፤ ኒኬልና ቲታኒየም በአቶም ቁጥር እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መጠን የተቀላቀሉበት። ዊልያም ቡለር የተባለ የብረታ ብረት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ገደማ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሳይል አፍንጫ የሚሆን ሙቀት ቻይ ቁስ ሲፈልግ ያገኘው ሲሆን፣ ስሙም ከሁለቱ ንጥረ ነገሮችና ከላቦራቶሪው ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተወጣጣ ነው። በ1961 በአንድ ስብሰባ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የኒቲኖል ሰቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ዴቪድ ማዚ የተባለ ኃላፊ በፒፓ ማቀጣጠያው እሳት ነካው፤ ሰቁም ወዲያው ተዘርግቶ ቀጥ አለ። እኛም በውጭ አገር ለትምህርት ሳለን አንድ ባልደረባችን የተጨማደደ የኒቲኖል ሽቦ ትኩስ ሻይ ውስጥ ጥሎ ሲያሳየን ብረት ሳይሆን ትል የነካን ያህል ደንግጠን ነበር።

ምሥጢሩ በክሪስታሉ አደራደር ውስጥ ነው። በሞቀበት ጊዜ አቶሞቹ ኦስቴናይት በተባለ ባለ ኪዩብ ሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ሲቀዘቅዝ ማርቴንሳይት ወደተባለ ዘመም ያለ ሥርዓት ይሸጋገራሉ። ሽግግሩ የሚፈጸመው አቶሞች ከጎረቤታቸው ሳይለያዩ፣ ተሰልፈው የቆሙ ሰዎች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብሉ ሆኖ ነው። ስለዚህም መመለሻ አለው። ለስቴንት ይበልጥ የሚጠቅመን ደግሞ ይህ ሽግግር በቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን በኃይልም መምጣቱ ነው። ኦስቴናይት የሆነ ሽቦ ሲለጠጥ ወደ ማርቴንሳይት ያዘነብላል፤ ኃይሉ ሲነሣ ይመለሳል። በዚህ መንገድ እስከ 8 ከመቶ ያህል ተለጥጦ ሊመለስ ይችላል። ከላይ ያገኘነው 5 ከመቶ እንግዲህ ከወሰኑ በታች ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር እናርም። ስቴንቱን የሚከፍተው የሰውነት ሙቀት ነው ሲባል በብዛት ይሰማል። ከፊል እውነት ነው፤ ብረቱ በሰውነት ሙቀት ኦስቴናይት እንዲሆን ተደርጎ ይዘጋጃል። ነገር ግን ስቴንቱን ጠቅልሎ የያዘው ቀጭን ሽፋን ነው፤ ስቴንቱ የሚከፈተውም ሽፋኑ ወደ ኋላ ሲሳብለት ነው። ሙቀቱ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ገና በጉሮሮ ሳለ በተከፈተ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የምናደንቀው ግን የኃይልና የመለጠጥ ግራፉን ነው። በስቲል ኃይሉ ከመለጠጡ ጋር ቀጥ ብሎ ያድጋል። በኒቲኖል ጥቂት ካደገ በኋላ ግራፉ ይተኛል፤ መለጠጡ ሲጨምር ኃይሉ እምብዛም አይጨምርም። ሲመለስም በዚያው መንገድ አይመለስም፤ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ በተኛ ሌላ መስመር ይመጣል። ይህ ሂስተሪሲስ የሚባለው ክሥተት ነው። ስቴንቱ በዕጢው ውስጥ ሲከፈት በታችኛው መስመር ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ግድግዳውን በለዘብታ ይገፋል፣ አይቀድደውም። ዕጢው መልሶ ሊያጠብበው ሲሞክር ግን ስቴንቱን ወደ ላይኛው መስመር ሊያወጣው ይገባል፤ ይህም እጅግ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። አንድ ቁስ ሲገፋ ለስላሳ፣ ሲገፉት ጠንካራ መሆኑ በተራ ብረቶች የማይገኝ ጠባይ ነው።

በሕክምናው ክፍል

ሕመምተኛው ጨጓራው በቱቦ ከጸዳና እንቅልፍ ከተሰጠው በኋላ ኢንዶስኮፑ በአፉ ገብቶ እስከ ጠበበው በር ይደርሳል። በመተላለፊያው በኩል ቀጭን መሪ ሽቦ በጠባቡ ቀዳዳ አልፎ ወደ አንጀቱ ይገባል። ካሜራው ከዕጢው ባሻገር ያለውን ማየት ስለማይችል፣ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይረጭና የጠበበው ክፍል ርዝመት በተንቀሳቃሽ የራጅ ምስል ይለካል። ከዚያም ስቴንቱን የታቀፈው 3.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ በመሪ ሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ይደርሳል፤ ሽፋኑ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ስቴንቱም ከሩቅ ጫፉ ጀምሮ እንደ አበባ ይፈካል። በሁለቱም ወገን ከጠበበው ክፍል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ይደረጋል። ሙሉ ስፋቱን ለማግኘት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ምግብ የሚጀመረው በፈሳሽ ነው። አጥሚትና ሾርባ ይቀድማሉ፤ ለስላሳ ገንፎና በወጥ የራሰ እንጀራ ይከተላሉ። በረኛው ከሥራ ስለተሰናበተ ማድቀቅ የጥርስ ኃላፊነት ይሆናል። ያልላመ ሥጋና ጭረታማ ጎመን ግን የሽቦውን ቱቦ ሊደፍኑት ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ 32 ጥናቶችንና 606 ሕመምተኞችን ያጠቃለለ ግምገማ ስቴንቱ ከ100 ሰዎች በ97ቱ በቦታው መቀመጡን፣ 87ቱ መብላት መቻላቸውን ያሳያል። በዚያው ግምገማ 5 ከመቶ ስቴንቱ ከቦታው ተንሸራቷል፤ 18 ከመቶ ደግሞ እንደገና ተዘግቷል። መልሶ የሚዘጋው በአብዛኛው ዕጢው በመረቡ ዓይኖች ውስጥ እየበቀለ ስለሚገባ ነው። መረቡ በፕላስቲክ ቢሸፈን ዕጢው አይገባም፤ ነገር ግን የተሸፈነው ስቴንት ከግድግዳው ጋር ስለማይያያዝ ይበልጥ ይንሸራተታል። መድማትና የአንጀት መበሳትም በጥቂቶች ላይ ይደርሳሉ።

ስንት ወር?

ለተዘጋ በር መልስ የተገኘው ከኢንዶስኮፕ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 በቪየና የቴዎዶር ቢልሮት ረዳት የነበረው አንቶን ቮልፍለር ዕጢውን ማውጣት እንደማይቻል ባየ ጊዜ ትንሹን አንጀት ወደ ላይ ስቦ ከጨጓራው ጎን ሰፋው። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ተለዋጭ መንገድ ማውጣት ማለት ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና ዛሬም ይሠራል፤ በአገራችንም በጠባሳ ለተዘጋ ጨጓራ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? በኔዘርላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በካንሰር ምክንያት በሩ የተዘጋባቸውን 39 ሕመምተኞች በዕጣ ከፍሎ ለ21ዱ ስቴንት፣ ለ18ቱ ቀዶ ሕክምና መደበ። ስቴንት የገባላቸው በአማካይ በ5 ቀን፣ የተቀደዱት በ8 ቀን መብላት ጀመሩ። ወራት ሲያልፉ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ስቴንት ካላቸው ብዙዎቹ ዳግም ሲዘጋባቸው፣ የተቀደዱት የተሻለ ይበሉ ነበር። ተመራማሪዎቹም ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይኖራል ተብሎ ለሚገመት ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ለሌላው ስቴንት ይመረጥ ሲሉ ደመደሙ። በእኛ አስተያየት የዚህ ሕክምና ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ስቴንት ዕጢውን አያድንም፣ ዕድሜም አይቀጥልም። ለአንድ በጠና ለታመመ ሰው የቀሩትን ሳምንታት በሆስፒታል አልጋ ከቁስል ጋር ሳይሆን በቤቱ፣ ከቤተሰቡ ማዕድ ጥቂት እየቀመሰ እንዲያሳልፍ ያደርጋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህም የተነሣ በጠባሳ ለተዘጋበት ወጣት ስቴንት የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም። ለእርሱ ባክቴሪያውን በመድኃኒት ማጥፋት፣ አሲዱን መቀነስ፣ በሩን በኢንዶስኮፕ በሚገባ ፊኛ ደጋግሞ ማስፋት፣ ካልሆነም ቀዶ ሕክምና ይቀድማሉ። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው ከጠበበው ቦታ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ተከፍቷል፤ በድምፅ ሞገድ በሚያይ ኢንዶስኮፕ እየተመሩ የክር ማጠንጠኛ ቅርጽ ባለው አጭር ስቴንት ጨጓራንና አንጀትን ከውስጥ ማጣበቅ። የቮልፍለር ተለዋጭ መንገድ ያለ ቢላ ማለት ነው።

ከኮልፌ እስከ ኢንዶስኮፒ ክፍል

በኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖር ሕመምተኛ ጉዞውን የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመውና ዛሬ አጠቃላይ አገልግሎት የሚሰጠው አለርት ሆስፒታል በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል፤ ከዚያ የሚያልፍ ጉዳይ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ይሄዳል። በአገራችን ስቴንት ይበልጥ የሚታወቀው በአርሲና በባሌ በብዛት ለሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ለጨጓራ መውጫ ሥራው ይከብዳል፤ ሰፊ መተላለፊያ ያለው ኢንዶስኮፕ፣ ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስቴንትና የሠለጠነ እጅ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን መገናኘት አለባቸው። መብራት ሲቋረጥ መሪ ሽቦው ገና በዕጢው ውስጥ ሳለ ማያው እንዳይጨልም የመጠባበቂያ ባትሪም ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚበላሸው ኢንዶስኮፑ ነው። ውጫዊ ቆዳው በመርፌ ጫፍ ያህል እንኳ ቢበሳ የማጠቢያው ውሃ ገብቶ ካሜራውንና ሽቦዎቹን ያበላሻል፤ ጥገናው ወደ ውጭ መላክን ሲጠይቅ ተራ የያዙ ሕመምተኞች ሁሉ ይጠብቃሉ። መከላከያው ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ በኋላ፣ መሣሪያው ከመታጠቡ በፊት የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ፍተሻ ነው። አንዲት ነርስ በትንሽ ፓምፕ አየር ወደ ኢንዶስኮፑ ውስጥ ትነፋለች፣ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን ታያለች፣ ከዚያም መሣሪያውን ንጹሕ ውሃ በያዘ ገንዳ ውስጥ አጥልቃ ጫፉን ወደ ላይና ወደ ታች እያጠፈች አረፋ ትፈልጋለች፤ በአየር ጤና መንገድ ዳር ጎሚስታው የጎማ ካላማዳሪ በውሃ ገንዳ እያሽከረከረ እንደሚፈልገው።